ፍርሃትም ዝምታም አላስተማሩንም

በዚህ ግቢ ስለ ኤች አይ ቪ የሚነገረው በዓመት አንድ ቀን ነው። ኅዳር 22 ሲደርስ ቀይ ጥብጣብ ይታደላል፤ ሻማ ይበራል፤ አንድ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፤ ሁለት ግጥም ይነበባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱም ግቢው ወደ ቀድሞ ዝምታው ይመለሳል። ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚያስበውን ይህን ቀን አንነቅፍም፤ የሞቱትን ማሰብ ተገቢ ነውና። የምንነቅፈው ሥነ ሥርዓቱ በትምህርት ቦታ መተካቱን ነው። ሻማ ስለ ተለኮሰ ብቻ ወጣቱ ተማረ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ሪፖርቱም ወደ በላይ ይተላለፋል፤ የተማረው ሰው ግን የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

የምንለውን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ እንናገር። ወጣትን ስለ ኤች አይ ቪ ማስተማር ማለት ማስፈራራት አይደለም፤ መምከርም ብቻ አይደለም። ዕውቀቱን ከነመሣሪያው በእጁ ማስገባት ነው። መሣሪያ የምንለውም ሩቅ ነገር አይደለም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት የተከፈተ ክሊኒክ፥ ምሥጢር የሚጠብቅ ባለሙያ፥ ሳይለምኑ የሚገኝ ኮንዶምና መመርመሪያ ነው። ዕውቀት ያለ መሣሪያ ስብከት ሆኖ ይቀራል፤ መሣሪያም ያለ ዕውቀት በመጋዘን ይበሰብሳል።

ይህ ነገር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹም የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የተመዘገቡት በ1986 ነው። በዚያን ዘመን መድኃኒት ስላልነበረ የማስተማሪያው መንገድ ፍርሃት ሆነ። የራስ ቅልና የአጽም ሥዕል በየግድግዳው ተለጠፈ፤ «ገዳይ» የሚል ቃል ከበሽታው ስም ጋራ ተጣበቀ። ሕዝቡም ከሥዕሉ ትምህርቱን ወሰደ፤ የወሰደው ትምህርት ግን ራስን መጠበቅ ሳይሆን ከታመመው ሰው መሸሽ ነበር። የታመመ ሰው ከተከራየበት ቤት ወጣ፤ ስኒው ተለየ፤ ልጆቹ ከሌላ ልጅ ጋራ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ፍርሃቱ ቫይረሱን አላቆመውም፤ ሰውን ግን ከምርመራ አስቀረው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ባለበት አገር በሽታውን ያስደበቅነው እኛው በለጠፍነው ሥዕል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ያን ግድግዳ መጀመሪያ የሰበሩት ባለሥልጣናትም ምሁራንም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድምና እንደ ተስፋ ጎሕ ባሉ ማኅበራት ተሰባስበው፥ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በአደባባይ የተናገሩ ተራ ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ወጣት ለእነርሱ ትልቅ ባለዕዳ ነው።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ መጣ። በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ ተጀመረ፤ ከ2005 ጀምሮ ግን በነፃ ይሰጥ ጀመር። አልጋ የያዘው ተነሣ፤ የዕድሩ ድንኳን በየሳምንቱ መተከሉን ተወ። ይህ የትውልዳችን ታላቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ሲታጠፍ ወሬውም አብሮ ታጠፈ። በየትምህርት ቤቱ የነበሩት ፀረ ኤድስ ክበባት ተዳከሙ፤ ጋዜጣውና ራዲዮው ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ። ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ ያን የለቅሶ ዘመን አላየም፤ የሚነግረውም አላገኘ። በፍርሃት ቦታ ዝምታ ገባ። ፍርሃትና ዝምታ ደግሞ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ሰው እንዳይጠይቅ ያደርጋሉ።

«በሽታውኮ ጠፍቷል» ለሚሉን ጓደኞቻችን ቁጥር እናቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካለው ሕዝብ መካከል 0.9 ከመቶው ቫይረሱ በደሙ ነበረ። «ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም» ብሎ የሚደሰት ካለ ዝርዝሩን ያንብብ። በገጠር 0.4 ከመቶ የሆነው በከተማ 2.9 ከመቶ ነበር፤ በወንዶች 0.6 ከመቶ የሆነው በሴቶች 1.2 ከመቶ፥ ማለትም እጥፍ ነበር። እኛ የምንኖረው በከተማ ነው፤ አብረውን የሚማሩትም እኅቶቻችን ናቸው። ይኸው ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት እንዳላቸው በጠየቀ ጊዜ፥ ከሴቶቹ 24 ከመቶ፥ ከወንዶቹ 39 ከመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። የተሟላ ዕውቀት የተባለውም የሐኪም ዕውቀት አይደለም፤ ኮንዶም እንደሚከላከል፥ ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል፥ የተለመዱት የተሳሳቱ ወሬዎችም ሐሰት መሆናቸውን ማወቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መፈክር ሲሰማ የኖረ አገር ውጤቱ ይህ ከሆነ፥ ጥፋቱ ከተማሪው ነው ወይስ ከማስተማሪያው?

ደግሞም ስለ ቫይረሱ ሲነገር «እነርሱ» የሚል ቃል ይዘወተራል፤ ሩቅ አገር ያሉ ይመስላል። ሂሳቡን እንሥራ። ነፃው መድኃኒት በተጀመረበት ዘመን ቫይረሱ ከእናታቸው ተላልፎባቸው የተወለዱ ሕፃናት በመድኃኒቱ አድገው ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከእኛ ጋራ በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፤ በአንድ ዶርም ያድራሉ። አንዳቸውም ጥፋት አልሠሩም፤ ጥፋት መሥራት በማይችሉበት ዕድሜ ነው ሕመሙ ያገኛቸው። ስድስትና ስምንት ተማሪ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ በየቀኑ አንዲት ክኒን መዋጥ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አስቡት። ክኒኑን በቪታሚን ብልቃጥ መገልበጥ፥ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ፥ ሰው ሲኖር መዝለል ይመጣል። መድኃኒቱ ከተዘለለ ቫይረሱ ይበረታል፤ መድኃኒቱን የሚለምድ ዘርም ያበጃል። እንግዲህ ያን ተማሪ የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስለ «ኤድሳም» የሚቀልደው የዶርም ጓደኛውም ነው። ያቺ ቀልድ ክኒን ታስዘልላለች፤ የተዘለለች ክኒን ደግሞ ሰው ትገድላለች።

ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ማወቅ የሚገባውን እዚህ ላይ በግልጽ እንጽፋለን። ቫይረሱ ሰውነትን ከሕመም የሚከላከሉትን ሲ ዲ ፎር የሚባሉ የነጭ ደም ሕዋሳት ያጠፋል። ምልክት ሳያሳይ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በመልክና በውፍረት መለየት ከንቱ ነው። የሚተላለፈው መከላከያ በሌለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ በደምና ደም በነካው ስለታም ነገር፥ እንዲሁም በእርግዝና፥ በወሊድና በማጥባት ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በማዕድ፥ በስኒ፥ በአልጋ ልብስ፥ በመጸዳጃ ቤት፥ በወባ ትንኝ አይተላለፍም። ስለዚህ በዶርም ውስጥ ምላጭና መርፌ መዋዋስ አይገባም፤ አብሮ መብላትና ልብስ መዋዋስ ግን ምንም አያመጣም። በፈጣን መመርመሪያ የሚፈለገው ሰውነት ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ስለ ሆነ፥ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ ላይታይ ይችላል፤ ትናንት ተጋልጦ ዛሬ «ነፃ ነኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው። መገረዝም ለወንዱ የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል እንጂ የማይበሳ ጋሻ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያልተነገረው ነገር ይህ ነው፤ መድኃኒቱን በሥነ ሥርዓት የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ በ14 የአውሮፓ አገሮች የተደረገ ጥናት፥ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው አንዳቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሎ፥ ያለ ኮንዶም ወደ 58,000 ጊዜ የሚጠጋ ግንኙነት ሲያደርጉ በመድኃኒት ላይ ካለው ጓደኛቸው ቫይረሱ የተላለፈበት አንድም ሰው አላገኘም። እንግዲህ መመርመርና መታከም ራሱ መከላከያ ነው። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ወጣት ምርመራን እንደ ሞት ፍርድ አይፈራም። ይህን በአንድም ፖስተር ላይ ጽፎ የለጠፈ በግቢያችን አላየንም፤ የአጽሙን ሥዕል ግን ዛሬም እናያለን።

መድኃኒቱን ከእምነት ጋራ የሚያጣሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፥ ጸበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን መተው እንደማይገባው ለሕዝብ ተናግረዋል። ሃይማኖት አባት ይህን ካሉ፥ የተማረው ሰው ጎረቤቱ መድኃኒት ሲያቋርጥ እያየ «የግል ጉዳዩ ነው» ብሎ ማለፉ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። «በግቢ ውስጥ ኮንዶም ማስቀመጥ ብልግናን ማስተማር ነው» ይሉናል። ከመታቀብ ጋራ ጠብ የለንም። ታቅቦ የሚኖር ተማሪ ይከበር፤ ማንም አይሳቅበት። ነገር ግን መመሪያ የሚወጣው ለታቀበው ብቻ አይደለም። የእሳት ማጥፊያ በየሕንፃው የሚሰቀለው ቃጠሎን ለመጋበዝ ነውን? «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ቅጠሉ በእጅ እንዲገኝ አስበው ነው። «መታቀብ፥ መወሰን፥ መጠቀም» የሚሉትን ሦስት ትእዛዞች ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን አጥንተናል። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «ተጠቀሙ» የተባልነውን ከየት እናምጣው? ከምሽቱ 5 ሰዓት የትኛው ሱቅ ክፍት ነው? ከገጠር የመጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፥ ሰው በተሰለፈበት መስኮት ቆማ፥ ጮክ ብላ ትጠይቅ ዘንድ ነውን የሚጠበቀው? ለዚህ መልስ የሌለው ትእዛዝ ትምህርት አይባልም።

ከዚህ የከፋም አለ። ተገዳ የተደፈረች ተማሪ፥ ወይም ሌላ የተጋለጠ ሰው፥ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጥ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጠቅምም። ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጥቃት የደረሰባት እኅታችን የግቢው ክሊኒክ ሰኞ ጧት 2 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ብትቆም፥ 58 ሰዓት አልፎባታል፤ የቀራት 14 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያም ላይ የት እንደምትሄድ የነገራት ሰው የለም፤ ይህ መድኃኒት መኖሩንም አልሰማችም። ስለ ኤች አይ ቪ ስናወራ የምናወራው ስለዚህች 14 ሰዓት ነው። በየዓመቱ የሚነበቡት ግጥሞች ይህን ሰዓት አይመልሱም፤ የተከፈተ በር ግን ይመልሰዋል።

ስለ ሴት ተማሪዎች የሚወራውንም ዝም ብለን አናልፍም። ማታ ማታ ከግቢው በር ውጭ የሚቆሙትን መኪናዎች ሁሉም ያውቃል። ወሬው ግን ሁልጊዜ በልጅቱ ላይ ነው፤ ባለመኪናው ስም የለውም። የወጪ መጋራቱ ውል ለምግብና ለመኝታ ያስባል፤ ለንጽሕና መጠበቂያ፥ ለፎቶ ኮፒ፥ ለትራንስፖርት አያስብም። ቤተ ሰቧ የሚልክላት ሳንቲም የሌላት ልጅ ከአባቷ ዕድሜ ጋራ የሚስተካከል ሰው «ስፖንሰር ልሁንሽ» ሲላት፥ ስለ ኮንዶም የመወሰን ኃይሉ በማን እጅ እንዳለ ለማንም ግልጽ ነው። ለዚህች ልጅ «ራስሽን ጠብቂ» ማለት በባዶ እጅ ወደ ጦርነት መላክ ነው። በውጤት የሚደራደር መምህር ካለም፥ በትምህርት ቤት ስም ከሚነግድ ደላላ አይለይም። ይህን የምንጽፈው መምህራኖቻችንን ስለምናከብር ነው፤ የተከበረውን ሙያቸውን ከሚያዋርዱት ጥቂቶች እነርሱ ራሳቸው ቀድመው እንዲለዩልን እንፈልጋለን።

«ምርመራው ከታወቀ ሥራ አላገኝም» የሚል ሥጋት ያላቸው ተመራቂዎችም አሉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለቅጥር ከሚጠየቀው የጤና ማስረጃ ውስጥ የኤች አይ ቪ ምርመራን አውጥቶታል። ሕጉ ከግቢው ወሬ የተሻለ መሆኑን ተማሪው ማወቅ ይገባዋል።

የገንዘቡም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ የተሸፈነው በውጭ ርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። የሰው ደጅ የሚጠና ነገር መጨረሻው ይህ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመወጋት የሚከላከል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ሳይንሱ እዚያ ደርሷል፤ የእኛ ግቢ ግን ስለ ተራው ኮንዶም ገና ይከራከራል። ለጋሹ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ዕውቀት የእኛ ዕውቀት አልነበረም ማለት ነው። ከሕዝብ ግብር የሚማር ተማሪ ሕዝቡ ያለበትን በሽታ በራሱ ገንዘብና በራሱ አንደበት ሊያስተምር ይገባዋል።

አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲፈጃቸው የበሽታውን ምክንያት አያውቁም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማጠን የያዙት የሚችሉት ያ ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ምክንያቱን እናውቃለን፤ መከላከያውንም መድኃኒቱንም እናውቃለን። እያወቁ በጭስና በሻማ ብቻ መቆም ለተማረ ሰው አይገባም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን አስተዳደር የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ. የግቢው ክሊኒክ ቅዳሜና እሑድ፥ ሌሊትም ጭምር ተረኛ ባለሙያ ይኑረው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት መድኃኒት እዚያው ይገኝ፤ ካልተቻለም ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ይዘጋጅ።

2ኛ. ምርመራ የሚፈልግ ተማሪ በኮሪደር ስሙ እየተጠራ አይጋለጥ። ራስን በራስ መመርመሪያው ለሚፈልግ ይሰጥ፤ መድኃኒት የሚወስዱ ተማሪዎችም ማንም ሳያውቅባቸው የሚረከቡበትና የሚያስቀምጡበት ቦታ ይኑር።

3ኛ. ኮንዶም በየመኝታ ሕንፃው መጸዳጃ ቤት፥ ሳይጠየቅና ሳይመዘገብ የሚወሰድበት ሣጥን ይቀመጥ።

4ኛ. አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ወር ውስጥ፥ በባለሙያና ከቫይረሱ ጋራ በሚኖሩ ፈቃደኛ ሰዎች፥ ጥያቄና መልስ ያለው በቂ ትምህርት ይሰጣቸው። የአጽሙ ሥዕል ከግድግዳው ይውረድ።

5ኛ. ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው በጀት ቋሚ ድጎማ ይመደብ፤ በውጤት የሚደረግ ድርድርን የሚሰማ፥ ሴቶች የሚገኙበትና የከሳሿን ስም የሚጠብቅ ኮሚቴ ይቋቋም።

ከእነዚህ አንዱም ተአምር አይጠይቅም። ለአንድ ቀን ድግስ የሚወጣው የጥብጣብ፥ የሸሚዝና የመድረክ ገንዘብ ለብዙዎቹ መጀመሪያ ይሆናል።

በበኩላችን ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህ ጋዜጣ አንድ ዓምድ ለጥያቄና መልስ ክፍት ይሆናል። ስም የሌለበት ጥያቄ የሚጣልበት ሣጥን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ይቀመጣል፤ መልሱን ሐኪም ይጽፈዋል፤ «ይህ ይጠየቃል ወይ?» የሚባል ጥያቄ የለም። የሕክምናና የሕግ መምህራኖቻችን እንዲያግዙን፥ የተቃወሙንም መልሳቸውን እንዲጽፉልን እንጋብዛለን፤ እናትመዋለን። ወረቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ ይህን ቅጂ ያነበባችሁ ለዶርም ጓደኛችሁ አስተላልፉት። ምናልባት መብራቱ እስኪጠፋ የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል፤ ክኒኑን በብርሃን እንዲውጥ ፍቀዱለት።

ከዝግጅት ክፍሉ